ድርድር ለምን ይጸናል፣ ለምን ይፈርሳል? ከወሎ ሆነን ስናየው

የእርስ በርስ ጦርነት ድርድር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ከፊርማው በኋላ ነው። መጨባበጡ አይከብድም። ጭንቁ ትጥቅ ፍቱ ሲባል ይመጣል። ቀድሞ መሣሪያውን ያስቀመጠ ወገን፣ ሌላው ቃሉን ቢያጥፍ ማን ይደርስለታል? አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ተመራማሪ ባርባራ ዋልተር ዋናው እንቅፋት ይህ ፍርሃት ነው ትላለች። መፍትሔዋ የሦስተኛ ወገን ዋስትና ነው።

ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁት አበጋሮች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ይቅር መባባል ብቻውን አይበቃም፤ ዋስ ይጠራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ በመሐላ ይታሰራል። እርቅ ያፈረሰ ከደመኛው ጋር ብቻ ሳይሆን ከአገሬው ሁሉ ጋር ይጣላል።

የዋስ ነገር በአንጎላና በሞዛምቢክ በደንብ ይታያል። ሁለቱም የፖርቹጋል ቅኝ ግዛት ነበሩ። አንጎላ እ.ኤ.አ. በ1991 ስምምነት ፈረመች። የተባበሩት መንግሥታት የላከው ጥቂት መቶ ታዛቢ ነበር። የመንግሥቱና የአማፂው ጦር ሳይበተኑ በ1992 ምርጫ ተደረገ፤ የአማፂው መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አለ፣ ጦርነቱም እስከ 2002 ቀጠለ። ሞዛምቢክ በ1992 ሮም ላይ ስትፈርም ግን በሺህ የሚቆጠር ሰላም አስከባሪ ገባ፤ ምርጫውም ተዋጊዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ወደ 1994 ተገፋ። ያ ጦርነት ቆመ።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 መጀመሪያ የጦርነቱን እሳት ቀምሰዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት የታወጀው የተኩስ ማቆም፣ የጋራ ስምምነትም ተቆጣጣሪም አልነበረውም። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ቆቦ አካባቢ ውጊያው እንደገና ፈነዳ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ከዚህ ይሻላል፦ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ ነበረ፣ ታዛቢዎችም ላከ፣ ከባድ መሣሪያ ርክክብም ተደረገ። በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የነበረውን ጦርነት አስቁሟል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንት ሕይወት አትርፏል።

ግን ፈራሚዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። የኤርትራ መንግሥትም የአማራ ክልልም ለብቻቸው አልፈረሙም። ራያን የመሰሉ አወዛጋቢ ቦታዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ተብሎ ለነገ ተተወ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሳ፤ ወሎም አልተረፈችም። የተፈናቀለውና ንብረቱ የተዘረፈው ገበሬ በየትኛውም ጠረጴዛ ወንበር አልተሰጠውም፤ የካሳው ነገርም እስካሁን የሱ ጥያቄ ነው።