የመሬት ጨዋማነት ምንድን ነው? የሱመር ማሳ ለምን ነጣ?

ጨዋማ መሬት ሲባል ብዙ ሰው የባህር ዳርቻ ነገር ይመስለዋል፣ ግን ከባህር በጣም የራቀ ማሳም በመስኖ ብቻ ጨው ሊሆን ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የወንዝ ውሃ ስንጠጣው ባይታወቀንም ትንሽ ጨው አለው፣ ማሳ ላይ ሲለቀቅ ፀሀይ ውሃውን ይወስደዋል ጨዉ ግን እዛው ይቀራል። በዛ ላይ ውሃው በብዛት ከተለቀቀና መውጫ ካጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ይመጣል፣ ከዛ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው አፈሩ ውሃውን ከነጨዉ ወደ ላይ ይስበዋል። ላዩ ይነጣል፣ ዘሩም አይበቅልም።

ሱመር ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ማለትም የዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው ውሃ ቶሎ አይወርድም፣ ዝናቡም ጨው አጥቦ የሚወስድ አይደለም። ላጋሽና ኡማ የሚባሉ ሁለት ከተሞች በመሬትና በውሃ ለትውልድ ሲጣሉ ቆይተው የላጋሹ ገዢ ኤንተመና የኡማን ደጅ ላለመጥናት ከጤግሮስ ወንዝ ትልቅ ቦይ አስመጣ። ውሃው ተትረፈረፈ፣ ጣጣውም አብሮ መጣ።

በፈረንጆች 1958 ላይ ጃኮብሰንና አዳምስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት መሰረት ከክርስቶስ ልደት በፊት 3500 አካባቢ ስንዴና ገብስ እኩል ይዘራ ነበር፣ 2100 ላይ ስንዴው 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ቀረ፣ 1700 አካባቢ ጭራሽ ጠፋ፣ ምክንያቱም ገብስ ጨው ይችላል ስንዴ ግን አይችልም። (ስንዴው የቀረው በጨው ብቻ አይደለም ብለው የሚከራከሩ ምሁራንም አሉ።) ምርቱም ራሱ ላጋሽ አካባቢ 2400 ላይ በሄክታር ወደ 2,500 ሊትር የነበረው 1700 አካባቢ 900 እንኳን አልሞላም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን መፍትሄው እዛው አገር መኖሩ ነው። ገበሬው አንድ ዓመት ዘርቶ አንድ ዓመት መሬቱን ሲያሳርፍ ስራቸው ጠልቆ የሚወርድ የዱር ተክሎች ይበቅሉና የስሩን ውሃ ይመጡታል፣ ጨዉም ወደ ላይ አይወጣም። ብዙ እህል ይምጣ ተብሎ እረፍቱ ሲቀር ግን ያ ሁሉ ይቀራል።

እኛም ጋ አዋሽ ላይ አሚባራ አካባቢ በመስኖ ጥጥ ሲለማበት የነበረ መሬት በዚሁ ጨው ተበላሽቶ የተተወ አለ። እሱን መልሶ ለማዳን ጨዉን ወደ ታች የሚያጥብ ተጨማሪ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ያንን ውሃ ከማሳው የሚያስወጣ ጥልቅ ቦይም ከስር መቆፈር አለበት።