ከፍቺ በኋላ «አይመለከተኝም» የሚባለው ገንዘብ

አሜሪካ ያሉ አበሾች ስለ ሶሻል ሴኩሪቲና ስለ ሕይወት ኢንሹራንስ አዘውትረው የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

«ተፋትተናል፤ የሱ ሶሻል ሴኩሪቲ እኔን አይመለከትም።»
ጋብቻው 10 ዓመት ከሞላ ይመለከታል። የቀድሞ ባሏ የሞተባት ሴት ከ60 ዓመቷ ጀምሮ የተተኪ አበል መጠየቅ ትችላለች፤ ለወንድም ሕጉ ያው ነው። በ60 ከጀመረች የምታገኘው የሟቹን አበል 71.5 በመቶ ነው። እስከ ሙሉ የጡረታ ዕድሜዋ ከቆየች እስከ 100 በመቶ ይደርሳል። ከ60 በፊት ካገባችና ጋብቻው ከጸና አበሉ አይሰጣትም፤ ከ60 በኋላ ብታገባ ግን አይነካባትም። የኋለኛዋ ሚስት ድርሻም አይቀነስም፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ዘመኑ የሚቆጠረው ከሠርጉ ዕለት ፍቺው በፍርድ ቤት እስከሚጸናበት ቀን ነው። 9 ዓመት ከ11 ወር አይበቃም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሟቹን ልጅ የምታሳድግ ከሆነች ግን 10 ዓመቱ አይጠየቅም።

«የተጋባነው አገር ቤት ነው፤ እዚህ አይቆጠርም።»
ይቆጠራል፤ አሜሪካ ከገቡበት ቀን ሳይሆን ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ። አደጋው ያለው የጋብቻ ወረቀቱ ትርጉም ላይ ነው። ኅዳር 1995 ማለት ኖቬምበር 2002 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 እንጂ 8 አይደለም። ተርጓሚው በልማድ 8 ደምሮ 2003 ካለ አንድ ዓመት ጠፋ። በማርች 2013 ለተፋታች ሴት 10 ዓመት ከ4 ወር የነበረው ጋብቻ በወረቀት 9 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል።

«ፍቺው ስሟን ከኢንሹራንሱ አውጥቶታል።»
ከመሥሪያ ቤት በሚገኝ ኢንሹራንስ ላይ ይህን አይመኑ። የቨርጂኒያ ሕግ የቀድሞዋን ሚስት ስም ፍቺው ይሽረዋል ይላል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የነበረ አንድ የቨርጂኒያ ሰው ግን ተፋትቶ፣ ሌላ አግብቶ፣ የገንዘቡን ተቀባይ የሚያስመዘግበውን የቤኔፊሽሪ ፎርም ሳይቀይር ሞተ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የፌዴራሉ ሕግ ይበልጣል ብሎ ወሰነ፤ 124,558 ዶላሩ ለቀድሞዋ ሚስት ጸና። የግል ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው በሚሰጡት ኢንሹራንስ ላይም በ2001 ተመሳሳይ ፍርድ ተሰጥቷል። ኑዛዜም ቢሆን ፎርሙን አይሽርም። ፍቺው እንዳለቀ አዲስ የቤኔፊሽሪ ፎርም ሞልቶ ለመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ አስተዳደር (ኤች አር) መስጠት፣ መድረሱን የሚያሳይ ኮፒም መያዝ ያስፈልጋል።

«የራሴ ጡረታ ስላለኝ የሟች ባሌን አልጠይቅም።»
ሁለቱ አንድ ላይ አይከፈሉም እንጂ መቀያየር ይቻላል፦ በ60 የተተኪውን አበል ጀምሮ፣ የራስን እስከ 70 አሳድጎ ወደ ትልቁ መዛወር።

«ለቀብሩ ሶሻል ሴኩሪቲ ይከፍላል።»
255 ዶላር፤ እሱም በ2 ዓመት ውስጥ ከተጠየቀ ነው።