«ምንም አትቀቡ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጨረር ሕክምና የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ «ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ምንም እንዳትቀባ» ይባላል። ይሄን ሰምቶ ሎሽኑንም ገላ መታጠቡንም እርግፍ አድርጎ የሚተው አለ። ትእዛዙ ግን እስከዚያ አይሄድም።

ጣጣው ውፍረቱ ነው። አሁን የሚሠራባቸው ማሽኖች ጨረር ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳርፈው ላይኛው ቆዳ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ቫዝሊን ወይም ቅቤ በወፍራሙ ከተለቀለቀ ግን እንደ ተጨማሪ ቆዳ ይሆናል። ያ ጉልበት ወደ ላይ ይመጣና ቆዳውን የባሰ ይጎዳዋል። በስሱ ተቀብቶ የደረቀ፣ ሽቶ የሌለው ቅባት ይህን አያደርግም። ቢሆንም የሕክምና ክፍሉ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ቅባቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ።

መታጠብ ይቻላል። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ፍተጋ የለም። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማሳየት ቆዳው ላይ በቀለም የተሠራው ምልክት ብቻ እንዳይጠፋ። ጠበል የምትጠመቁም ይህችን አትርሱ።

«ከቀላ ንገሩን» የሚለው ምክር ደግሞ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ብዙም አይሠራም። እኛ ጋ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሞቃል፣ ያሳክካል። አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይጀምራል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለ1 ወይም 2 ሳምንት ሊብስ ስለሚችል አትደንግጡ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ተልጦ ከረጠበ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ተናገሩ።