ከቤት የሚወጣ መርዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የተረፈ በረኪና፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የትኋን ማላታይን፣ የተሰበረ አምፖል። የሌሉበት ቤት የለም። ስንጥላቸው ግን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ እንከታቸዋለን።

«መኪናው ከወሰደው አለቀ»

ከቤታችን ወጣ እንጂ አላለቀም። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻውን ከየበሩ የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው። ፕላስቲኩንና ብረቱን የሚለዩት በእጃቸው ነው። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼም ቢሆን ሰው የሚውልበት፣ በዙሪያው የሚኖርበት ቦታ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መርፌ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ኢንሱሊን ይወጋል፣ መርፌው በፌስታል ይጣላል። ፌስታሉን የሚያነሳው ሰው ጓንት ቢኖረው እንኳ ስስ ጓንት መርፌ አይመልስም። በተወጋበት ደም ሄፓታይተስ ቢ ወይም ኤችአይቪ ሊተላለፍበት ይችላል። ያለቀ የበረኪና ዕቃ አጥቦ መርፌውን እዚያ ማጠራቀም፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ በላዩ ላይ «መርፌ» ብሎ መጻፍ ያን ያህል ሥራ አይደለም። ሲሞላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

«ማቃጠል ይሻላል»

የፍሊት ቆርቆሮ ባዶ ቢመስልም እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ባትሪም እንደዚያው። የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚደርሰውም እዚያው ግቢ ለሚጫወቱት ልጆች ነው።

«የተረፈውን ሁሉ ሽንት ቤት ድፋው»

በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ ከተደፉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ፣ መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል፣ ሰውም ይገድላል። «ሲቀላቀሉ የበለጠ ያጸዳሉ» የሚለውን ምክር እባካችሁ አትስሙ።

መድኃኒትም ሽንት ቤት አይገባም። ከጉድጓዱ ሰርጎ የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ ፋርማሲውን ጠይቁ። ካልተቀበሏችሁ ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ፣ ሳትፈጩት፣ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። አተላ የነካውን ኪኒን ልጅም ሆነ ቆሻሻ የሚለቅም ሰው አይፈልገውም።

«በኦሞ አጥቤዋለሁ»

የማላታይን ወይም የሌላ ፀረ ተባይ ዕቃ አሥር ጊዜ ቢታጠብ የውኃ ወይም የዘይት መያዣ አይሆንም። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ እጣቢውን ወንዝና ጓሮ አትድፉት፣ እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምራችሁ ተጠቀሙበት። ከዚያ ማንም እንዳይቀዳበት ዕቃውን ብሱት።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ይብሳል፦ በሃይላንድ ላምባ ወይም በረኪና መቅዳት። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውኃ ነው የሚያየው።

«የተሰበረ አምፖል ጠርጎ መጣል ነው»

ረጅሙ የሸምበቆ አምፖልና ጠመዝማዛው አምፖል ሜርኩሪ አላቸው። መጠኑ ጥቂት ነው፣ መደንገጥ አያስፈልግም። መስኮት ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ከክፍሉ መውጣት። ከዚያ በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን መሰብሰብ፣ ደቃቁን በፕላስተር ማንሳት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማሸግ።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለምስጥ ብሎ አጥር ሥር ማፍሰስም አፈሩንና ውኃውን ይበክላል። ዘይት የቀየረላችሁ ጋራዥ መልሶ ይውሰደው። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይበሳም፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ለስልክ ጠጋኝ ይሰጣል። የሰዓት ባትሪ ልጅ ከዋጠ ነገ እናየዋለን አይባልም፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል።

«ወተት ያረክሰዋል»

ላምባ ወይም በረኪና የጠጣን ልጅ ወተት ግቶ ማስመለስ የተለመደ ነው። ማስመለስ ጉዳቱን ያብሳል። በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፣ ላምባው ሳንባ ይገባል። ምንም ሳትግቱት ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደጠጣ ነው።