የወንጀል ስታቲስቲክስ በአሜሪካ፦ አሰባሰቡና አጠቃቀሙ

በአሜሪካ የወንጀል አሃዝ የሚወጣው ከሁለት ቋት ነው። አንደኛው ኤፍ ቢ አይ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከየአካባቢው ፖሊስ እየሰበሰበ የሚያጠናቅረው መዝገብ ነው። ሁለተኛው ከ1973 ወዲህ የሚካሄደው የተጎጂዎች ጥናት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤተሰብ አባላት ባለፉት ስድስት ወራት ምን እንደደረሰባቸውና ለፖሊስ አመልክተው እንደሆነ ይጠየቁበታል። ከኃይል ወንጀሎች ግማሽ ያህሉ ፖሊስ ጆሮ እንደማይደርሱ የታወቀው በዚህ ጥናት ነው። ስለዚህ የፖሊስ መዝገብ በዋናነት የሚነግረን የተፈጸመውን ሳይሆን የተመዘገበውን ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው የነፍስ ግድያ ቁጥር ነው፤ አስከሬን ተደብቆ የሚቀረው ከስንት አንዴ ነውና።

አቆጣጠሩም ለውጥ ያመጣል። በቀድሞው ደንብ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ባለሱቁን ገድሎ ገንዘቡን ቢዘርፍ፣ የሚቆጠረው ግድያው ብቻ ነበር። ኤፍ ቢ አይ ከጥር 2021 ጀምሮ በአንድ ድርጊት ውስጥ ያለው ጥፋት ሁሉ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ብቻ መቀበል ጀመረ። ሆኖም ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች በጊዜው ወደ አዲሱ ሥርዓት ስላልተሻገሩ የዚያ ዓመት አገራዊ አሃዝ ክፉኛ ጎድሏል። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ወንጀል ጨመረ ወይም ቀነሰ ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

አሃዙ በሥራ ላይ ሲውል በሰፊው የሚጠቀሰው ኮምፕስታት የተባለው የፖሊስ አሠራር ነው። በ1994 በኒውዮርክ፣ ዊልያም ብራተን የፖሊስ ኮሚሽነር፣ ጃክ ሜፕል ደግሞ ምክትላቸው ሳሉ ተጀመረ። የየጣቢያው አዛዥ የሳምንቱ ወንጀል በካርታ ላይ እየታየ “እዚህ መንገድ ላይ ዝርፊያ ለምን በዛ? ምን አደረግህ?” ተብሎ ይጠየቃል። ይህም የፖሊስ ኃይል ወደሚያስፈልግበት ቦታ ፈጥኖ እንዲሰማራ አስችሏል። ነገር ግን ቁጥሩ የአዛዡ የሥራ መመዘኛ ሲሆን፣ ከባዱን ድብደባ ቀላል ብሎ መመዝገብ ፈተና ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ በ2014 ባወጣው ምርመራ፣ በሎስ አንጀለስ በአንድ ዓመት ውስጥ 1,200 ገደማ የኃይል ወንጀሎች ቀላል ጥፋት ተብለው መመዝገባቸውን አጋልጧል። በወንጀሎቹ ሰዎች ተጎድተዋል፣ ጉዳታቸው ግን ከስሌቱ ወጥቷል።

የፌዴራል መንግሥት ለክፍላተ ሀገራት የፖሊስና የፍትሕ ድጎማ ሲያከፋፍልም የኃይል ወንጀል ቁጥር በቀመሩ ውስጥ ይገባል። ተራው ነዋሪ አሃዙን የሚያገኘው ግን በካርታ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ቤት የሚፈልግ ወገናችን የከተማውን ፖሊስ የወንጀል ካርታ በነጻ ከፍቶ ማየት ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የአንድ ሰፈር የወንጀል ምጣኔ የሚሰላው ወንጀሉን ለነዋሪው ቁጥር በማካፈል ነው። ቀን ቀን ሠራተኛና እንግዳ የሚጎርፍበት፣ የሚያድርበት ሰው ግን ጥቂት የሆነ የመሀል ከተማ ሰፈር፣ እዚያ የሚኖረው ሰው ከሚገጥመው አደጋ በላይ አስፈሪ ሆኖ ይታያል።