ስለ እንግሊዝ ባላባቶች በትለር በስህተት የሚወሩ ነገሮች እና እውነታው

በትለር (የባላባት ቤት ወንድ አሳላፊዎች አለቃ) ሲባል ብዙዎቻችን በር ከፍቶ ጎንበስ የሚል፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዝምተኛ ሰው ይታየናል። በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን (ከ1901 እስከ 1910 እ.ኤ.አ.) በገጠር ትልልቅ ቤቶች ያገለገሉት ግን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሙያቸው ሲቃለል መስማት ያናድደኛል።

«ሥራው ቆሞ መጠበቅ ነው።» በፍጹም! የወይን ጠጁ ምድር ቤት ቁልፍ በእጁ ነበር፤ የገባውንና የወጣውን ጠርሙስ በመዝገብ ይይዛል። የቆየ ቀይ ወይን ሲቀዳ ከጠርሙሱ አንገት ሥር ሻማ አብርቶ ያያል፤ አተላው ብቅ ሲል ወዲያው ያቆማል። የብር ዕቃውም ኃላፊነት የእሱ ነው። ብሩ የሚወለወለው ቀይ ዱቄት ተቀብቶ በባዶ እጅ እየታሸ ነበር። የጀማሪ አሳላፊ ጣት ውኃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል፤ እሱ ግን እጁ እስኪደነድን ድረስ ማሸቱን አያቆምም። አብዛኛው በትለር በዚህ ያለፈ ሰው ነው።

«የሠራተኛው ሁሉ አዛዥ ነበር።» በጣም ሀብታም ቤቶች ውስጥ ከበላዩ የቤቱ መጋቢ አለ። ገረዶቹ ደግሞ የራሳቸው ሴት አለቃ አለቻቸው። የበትለሩ ሥልጣን በወንዶቹ አሳላፊዎች ላይ ነው። ያ ያሸበረቀ የደንብ ልብስም የእነሱ እንጂ የእሱ አይደለም፤ እሱ ጥቁር ኮት ለባሽ ነው።

«ደህና ኑሮ ያለው ሁሉ በትለር ነበረው።» አሠሪው ለእያንዳንዱ ወንድ የቤት ሠራተኛ በዓመት 15 ሺሊንግ ግብር ይከፍል ነበር። በብዙ ቤት የነበረችው ሁሉን ሥራ ብቻዋን የምትሠራ አንዲት ገረድ ናት።

«አንድ ቤት ገብቶ እስኪሞት እዚያው ነው።» እንዲህ የኖሩም አሉ። ዌልስ ውስጥ ሬክሳም አጠገብ ባለው በኤርዲግ ቤት፣ የዮርክ ቤተሰብ አገልጋዮቹን በሥዕል ያስቀርጽ፣ ግጥምም ይጽፍላቸው ነበር። ብዙዎቹ ግን ለበትለርነት የበቁት ቤት እየቀየሩ ነው። ለመቀየር የአሠሪ የጠባይ ምስክር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ደግሞ አሠሪው እንዲጽፍ አያስገድደውም። ስለዚህ ታማኝነታቸውን ሳደንቅ ፍርሃታቸውንም አልረሳም። ማደሪያቸው እዚያው ስለነበር ብዙዎች ሳያገቡ፣ ወይም ከሚስታቸው ተለይተው ኖረዋል። የመንግሥት ጡረታ የተጀመረው በ1909 ነው፤ እሱም 70 ዓመት ለሞላው ችግረኛ በሳምንት ቢበዛ 5 ሺሊንግ። ከዚያ በፊት ያረጀ በትለር ተስፋው ያጠራቀማት ጥሪት ወይም የጌታው ቸርነት ብቻ ነበር።