የጂሲሲ ሰንጠረዥ ለምን ያብጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትዕዛዙ 20 ሳይክል ከፈጀ ክፍሉም 20 ሳይክል ይያዝ።» ጂሲሲ (የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይር ኮምፓይለር) ትዕዛዞችን የሚደረድርበት ሰንጠረዥ ከፕሮሰሰር ገለጻ ይመነጫል፤ ያ ገለጻ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ይህቺ አባባል አትጠፋም። ክፍል የሚባለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው አካል ነው፤ ሳይክል ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሰዓት አንድ ምት። ሌተንሲ ውጤቱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው፤ ለየትዕዛዝ ምድቡ በሚጻፈው የዲፋይን ኢንስን ሪዘርቬሽን መግለጫ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ለብቻው ይጻፋል። የክፍሉ መያዝ ደግሞ ቀጣዩ ትዕዛዝ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። በፓይፕላይን የሚሠራ ማባዣ ውጤቱን በ4 ሳይክል ቢያደርስም በየሳይክሉ አዲስ ሥራ ይቀበላል። የሚያዘው ለ1 ሳይክል ነው፤ አጠገቡ ኮከብና 4 (ለ4 ሳይክል ይያዝ ማለት ነው) መጻፍ ትዕዛዞችን የሚደረድረውን ስኬጁለር መዋሸት ነው።

ማካፈያው ግን በእርግጥም ለብዙ ሳይክል ይያዛል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ሰንጠረዡን የሚያመነጨው የጂሲሲ መሣሪያ ጄንአውቶማታ፣ 7 ሳይክል የቀረውንና 8 የቀረውን ማካፈያ ሁለት ስቴት (የክፍሎች ሁኔታ) አድርጎ ይቆጥራል። ማካፈያውን ከሌሎቹ የተንሳፋፊ ነጥብ ክፍሎች ጋር በአንድ አውቶማቶን (የስቴቶችና በመካከላቸው ያሉ ሽግግሮች ስብስብ) ከከተቱት ስቴቶቹ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። ማካፈያው 20፣ ሌሎቹ 500 ስቴት ቢኖራቸው እስከ 10,000 ይወጣል፤ ቢለያዩ 520 ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ስቴት ለየትዕዛዝ ምድቡ ሽግግር ይፈልጋል።

ስለዚህ ለማካፈያው የራሱን አውቶማቶን ያውጁለት። ትዕዛዙ መግቢያ ፓይፑን ለ1 ሳይክል፣ ማካፈያውን ለሙሉ ጊዜው ይያዝ። በ2022 የኤኤምዲ ዜን ፕሮሰሰሮች ገለጻ የተስተካከለውም በዚሁ መንገድ ነው። ትዕዛዙ ከአንድ በላይ የክፍል አማራጮች ካሉት ግን ይጠንቀቁ፦ አንዱ አማራጭ በአንድ ሳይክል ማካፈያውን ከያዘ፣ ሌሎቹም በዚያው ሳይክል ከዚያው አውቶማቶን የሆነ ክፍል መያዝ አለባቸው። አለዚያ ጄንአውቶማታ «እነዚህ ክፍሎች በአንድ አውቶማቶን ይሁኑ» ብሎ ይከስዎታል።

«ሚኒማይዜሽኑ ያሳንሰዋል።» ይህ ጄንአውቶማታ ስቴቶችን የሚቀንስበት ደረጃ የሚያዋህደው አቻ ስቴቶችን ብቻ ነው። 7 ሳይክል የቀረውና 8 የቀረው አቻ አይደሉም።

«ያን ፕሮሰሰር ካልመረጥኩ አይነካኝም።» የአንድ አርክቴክቸር የሁሉም ፕሮሰሰር ሰንጠረዥ አንድ ሲሲ1 (ዋናው የሲ ኮምፓይለር ፋይል) ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩም ውስጥ ይደገማል።

«ሰንጠረዡ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ይሳሳታል።» በኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ቤተሰብ) ላይ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይሳሳትም።

«የትኛው ክፍል እንዳበጠው አይታወቅም።» ይታወቃል! በገለጻው ውስጥ በአውቶማታ ኦፕሽን «ስታትስ» ቢሉት የስቴቶቹን ብዛት ይነግርዎታል። ከግንባታ በኋላ ደግሞ ሰንጠረዦቹን የያዘውን የኢንስን አውቶማታ ኦብጀክት ፋይል ስሞችንና መጠኖችን በሚዘረዝረው በኤንኤም ከፍተው በመጠን ይደርድሩት። ትልልቆቹን ሰንጠረዦች በዲፋይን አውቶማቶን ከተሰጣቸው ስም ጋር ጭራ ላይ ተሰልፈው ያገኟቸዋል፤ ትልቁ ላይ የማካፈያ ኮከብ ካለ ከእሱ ይጀምሩ።